የድረ ገጽን የቀለም ገጽታ በየትኛው መንገድ እንቀይር? ከጁገል ነደባ እስከ ቀፊራ ገበያ

ሐረር ጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ፣ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት እናት ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ሲጠሩኝ አርማም ሆነ በወረቀት የተጻፈ ነገር አላሳዩኝም። ጫማዬን አስወልቀው ወደ እልፍኝ አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ ሞሶቦችና ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ከታች ነደባው፣ የመቀመጫው መደብ፣ በደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ ፊቱ በቀይ አፈር ተለቅልቋል። የነደባውን ጠርዝ በጣታቸው ነኩና «ቀለሙ ይህ ይሁን፤ ሌላ ቀይ አልፈልግም» አሉኝ።

ትእዛዙ ቀላል ይመስል ነበር። ድሬዳዋ ተመልሼ በዚያው ምሽት ቡትስትራፕ ከሚባለው ላይብረሪ (የተዘጋጁ አዝራሮችና ቅጾች ስብስብ) ተዘጋጅቶ የመጣውን ፋይል ገጹ ላይ አስገባሁ፤ ዋናውን ቀለም የሚይዘውን ተለዋዋጭም (እሴት የሚቀመጥበትን ስም) በነደባው ቀይ ተካሁት። ገጹን ስከፍት የራስጌው ዳራ ቀልቷል። «ክፍል ይያዙ» የሚለው አዝራርና ማያያዣዎቹ ግን ቀድሞ እንደነበሩት ሰማያዊ ናቸው። ግማሹ ሐረር፣ ግማሹ ከሌላ አገር የመጣ ገጽ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ለሐረርና ለድሬዳዋ ደንበኞች ስሠራ ቀለም የሚቀየርባቸውን አራት መንገዶች ሞክሬአለሁ። አራቱም ይሠራሉ። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው ሥራው ተረክቦ ካለቀ በኋላ፣ ደንበኛው ደውሎ «እስቲ ትንሽ ጠቆር አድርግልኝ» ሲል ነው። አንዱ መንገድ በሁለት ደቂቃ ይመልስላችኋል፤ ሌላው ግማሽ ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ላይብረሪ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ቀለሙን ማን ይቀይረዋል፣ መቼስ ይቀይረዋል? እናንተ ብቻ ናችሁ፣ ገጹ ከመውጣቱ በፊት? ባለቤቱ ራሱ ነው፣ በዓል በመጣ ቁጥር? ወይስ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየስልኩ? የላይብረሪዎቹ ውበት ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። የተዘጋጁት አዝራሮችና ሠንጠረዦች በሁሉም ዘንድ ደህና ናቸው፤ ቀለም የሚገባበት ጊዜ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ እጅግ ይለያያል።

ክሩን መንከር ወይስ ጨርቁን

ሸማኔ ቀለም የሚያስገባበት ሁለት ጊዜ አለ። አንዱ ክሩ ሳይሸመን ሲሆን ሌላው ጨርቁ ካለቀ በኋላ ነው። በድረ ገጽም እንዲሁ ነው።

ክሩን የሚነክረው መንገድ ሳስ ነው። ሳስ ከ2006 ጀምሮ የነበረ፣ ለሲኤስኤስ፣ የገጽን መልክ ለሚወስነው ቋንቋ፣ ተለዋዋጮችንና ስሌቶችን የሚጨምር ቋንቋ ነው። ስሌቱ የሚያልቀው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የጎብኚው አሳሽ የሚደርሰው የመጨረሻው ውጤት ብቻ ነው። በ2011 ከትዊተር መሐንዲሶች የወጣው ቡትስትራፕ ዛሬ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አንድ ዋና ቀለም ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ጣት ሲያርፍበት የሚጠቁረውን ደረጃ፣ ጠርዙን፣ የተደበዘዘውን ዳራ ሁሉ ራሱ ያሰላል። አዝራሩ ላይ የሚቀመጠው ጽሑፍ ነጭ ይሁን ጥቁር የሚለውንም ይወስናል። የሚወስንበት መስፈሪያ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ነው፤ ወደዚህ ቁጥር ኋላ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ምሽት ችግሬ የመጣው ከዚህ ነበር። በተዘጋጀው ፋይል ውስጥ የአዝራሩ ሰማያዊ አስቀድሞ ተሰልቶ የተቀመጠ ነው። ዋናውን ተለዋዋጭ ብትቀይሩ እሱን ጠይቀው ቀለም የሚወስዱት ክፍሎች ይቀየራሉ፤ አዝራሩ ግን የራሱን ዳራ፣ የራሱን ጠርዝ፣ የራሱን የሲነካ ቀለም በተሰላ ቁጥር ይዟል። የተሸመነ ክር ስለሆነ ከላይ ቢነከር አይቀበልም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የመንገዱ ጠባይ ነው።

በሳስ የምትሠሩ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። የላይብረሪው ቀለሞች «አስቀድሞ ካልተሰጠ ብቻ ይህን ያዝ» የሚል ምልክት አላቸው፤ ስለዚህ የእናንተ ቀለም ከላይብረሪው ተለዋዋጮች በፊት መጻፍ አለበት። ከኋላ ከጻፋችሁት ስህተት ሳይታይ፣ ምንም ሳይቀየር ይቀራል። ሌላው ደግሞ ከጥቅምት 2024 ወዲህ አዲሱ የሳስ ስሪት ፋይል በአሮጌው የማስገቢያ ትእዛዝ ሲጠራ ያስጠነቅቃል፤ ቡትስትራፕ 5 ገና በዚያ ትእዛዝ ስለሚሠራ ማያ ገጹ በማስጠንቀቂያ ይሞላል። ሥራውን አያስቆምም፤ ሆኖም የሳስን ስሪት በፕሮጀክቱ ውስጥ መቆለፍ ኋላ ከሚመጣ ድንገተኛ ችግር ያድናል።

የሳስ ትልቁ ጥቅም ስልኩ ላይ ምንም ሥራ አለመጨመሩ ነው። ትልቁ ዕዳው ደግሞ እያንዳንዱ ለውጥ እንደገና አጠናቅሮ እንደገና ማውጣትን መጠየቁ ነው። ባለቤቱ ራሱ እንዲቀይር ከፈለጋችሁ ይህ መንገድ አይሆንም።

ጨርቁን የሚነክረው መንገድ የሲኤስኤስ የራሱ ተለዋዋጭ ነው። ፋየርፎክስ በ2014፣ ክሮምና ሳፋሪ በ2016፣ ኤጅ በ2017 ተቀብለውታል፤ ስለዚህ ዛሬ በሰው እጅ ባሉ አብዛኞቹ ስልኮች ይሠራል ብሎ መነሣት ይቻላል። እሴቱ የሚነበበው ገጹ ተከፍቶ እያለ ነው። ከላይ አንድ ቦታ ከቀየራችሁት ከሥር ያለው ሁሉ ይከተላል፤ ከፈለጋችሁም በገጹ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ሌላ እሴት ልትሰጡት ትችላላችሁ። ቡትስትራፕ ራሱ በግንቦት 2023 በወጣው 5.3 ስሪት ጨለማ ገጽታን የጨመረው በዚህ ነው።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ በላይብረሪውና በእኔ መካከል አንድ ስስ ንብርብር ማኖር ነው። መጀመሪያ የራሴን ስሞች እጽፋለሁ፤ ከዚያ የላይብረሪው ተለዋዋጮች ከእነሱ እንዲቀዱ አደርጋለሁ። የቡትስትራፕ አዝራር ለዳራው፣ ለጠርዙና ለሲነካ ቀለሙ የየራሱ ተለዋዋጭ ስላለው፣ እነዚህን ወደ ንብርብሬ ማዞር ብቻ ይበቃል። የአዝራሩ መንገድ አንዴ ከተጠረገ በኋላ ቀለም መቀየር የአንድ መስመር ሥራ ነው። በሳስ ውስጥ ያለውን ዋና ቀለም ራሱን ተለዋዋጭ ላድርገው ብትሉ ግን አይሳካም፤ የሳስ ስሌት የሚሠራው እውነተኛ ቀለም ሲሰጠው ነው፣ ገና ያልተነበበ ስም ሲሰጠው ይቆማል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የሲኤስኤስ ተለዋዋጭ ስም በግዕዝ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። --ዋና-ዳራ ወይም --የጠርዝ-ቀለም ብላችሁ ብትጽፉ አሳሹ ያለ ችግር ይቀበለዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ኮድ ከሚማሩ ወጣቶች ጋር ስቀመጥ በዚህ እጀምራለሁ። የስሙ ትርጉም ሳይከብዳቸው ወደ ሐሳቡ ይገባሉ። ብዙ ሰው በጋራ በሚሠራበት ፕሮጀክት ግን ቁልፍ ሰሌዳ እያቀያየሩ መጻፍ ሥራ ስለሚያጓትት በስምምነት ይሁን።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። የመጀመሪያው ቀለምን በመልክ፣ በሙላትና በብርሃን መቶኛ መግለጽ ነው። ለማንበብ ይመቻል፣ ግን «ብርሃን 50 በመቶ» የሚለው ቁጥር ዓይን የሚያየውን ብርሃን አይናገርም። ንጹሕ ቢጫና ንጹሕ ሰማያዊ ሁለቱም 50 በመቶ ይባላሉ፤ ነጭ ጽሑፍ ሰማያዊው ላይ 8.59 ለ 1 ሲያገኝ ቢጫው ላይ የሚያገኘው 1.07 ለ 1 ነው፤ ማለትም ምንም አይነበብም። ስለዚህ የመልኩን ቁጥር ብቻ ቀይራችሁ «ብርሃኑን አልነካሁም» ብትሉ አትድኑም። ኦኬኤልሲኤች የሚባለው አዲሱ የቀለም አገላለጽ ይህን ለማቃናት የመጣ ነው፤ የብርሃን ቁጥሩ ዓይን ከሚያየው ጋር በጣም ይቀራረባል።

ሁለተኛው ጉድጓድ ሲኤስኤስ ራሱ ሁለት ቀለሞችን እንዲያደባልቅ የሚያዘው ትእዛዝ ነው። ዋናውን ቀለም ከጥቂት ጥቁር ጋር ቀላቅሎ የሲነካ ቀለም ያወጣላችኋል፤ የሳስን ስሌት አሳሹ ውስጥ እንደማግኘት ነው። ክሮም የተቀበለው በመጋቢት 2023 ስለሆነ የአሳሹ ዝማኔ ከዚያ በፊት የቆመበት ስልክ አይረዳውም። «አሮጌውን እሴት ከላይ አዲሱን ከታች እጽፋለሁ፣ የማያውቀው አሳሽ ይዘለዋል» የሚለው የተለመደ ዘዴም ተለዋዋጭ ውስጥ አይሠራም፤ አሳሹ ተለዋዋጩን እንዳለ ይቀበልና ቀለሙ በሚፈለግበት ሰዓት ባዶ እጁን ይቀራል። አሳሹ ትእዛዙን ማወቁን አስቀድሞ በሚጠይቅ ቅድመ ሁኔታ ውስጥ አስገቡት።

በጃቫስክሪፕት የሚመራ ገጽታ

ሪአክት በሚባለው የጃቫስክሪፕት ገጽ መገንቢያ ላይ የምትሠሩ ከሆነ በአብዛኛው የምታገኟቸው ማቴሪያል ዩአይና አንት ዲዛይን ናቸው። ሁለቱም ቀለሙን በጃቫስክሪፕት ዕቃ አድርገው ይቀበላሉ፤ ያ ዕቃ ገጹን ከላይ አቅፎ ለሥሩ ሁሉ ያድላል።

ማቴሪያል ዩአይ አንድ ዋና ቀለም ስትሰጡት ፈዛዛውንና ጠቆር ያለውን ደረጃ፣ በላዩ የሚጻፍበትንም ቀለም ያወጣል። የጽሑፍ ቀለም ሲመርጥ የሚጠቀምበት ነባሩ መስፈሪያ 3 ለ 1 ነው፤ ከቡትስትራፕ 4.5 ያነሰ ነው። ውጤቱን በራሱ ቀለም ላይ ማየት ይቻላል፦ ነባሩ የማስጠንቀቂያ ብርቱካናማ ላይ ነጭ ጽሑፍ የሚያገኘው 3.11 ነው። ለትልቅ ርእስ ይሆናል፤ ለአዝራር ጽሑፍ አይበቃም። ማቴሪያል ዩአይን ከመረጣችሁ መጀመሪያ የምትቀይሩት ነገር ይህ ቁጥር ይሁን። 4.5 አድርጉት፤ ከአንድ መስመር አይበልጥም።

አንት ዲዛይን የመንገድ ለውጥ ያደረገ ላይብረሪ ስለሆነ ታሪኩ ያስተምራል። እስከ 4ኛው ስሪት ድረስ ቀለሙ የሚቀየረው ሌስ በሚባል የሳስ ወንድም ነበር፤ እያንዳንዱ ለውጥ እንደገና ማጠናቀርን ይጠይቃል። በኅዳር 2022 የወጣው 5ኛው ስሪት ይህን ትቶ ገጹ ተከፍቶ እያለ ወደሚቀየር ገጽታ ተሻገረ። አሁን አንድ የዘር ቀለም ትሰጡታላችሁ፤ ከእሱ ደረጃዎቹን፣ ከደረጃዎቹ ደግሞ የየክፍሉን ቀለም ያወጣል። ጨለማውና የተጠጋጋው ገጽታም በስሌት ይመጣሉ። ሠንጠረዥና ቅጽ ለሚበዛበት የቢሮ ሥራ ከዚህ የተሟላ አላየሁም።

የዚህ መንገድ ዋጋ የሚከፈለው በጎብኚው ስልክ ነው። ማቴሪያል ዩአይም ሆነ አንት ዲዛይን ሲኤስኤሱን የሚያመነጩት ገጹ ሲከፈት በጃቫስክሪፕት ነው። አቅሙ የደከመ ስልክ ላይ፣ ቀጭን ኔትወርክ ላይ ይህ ይሰማል። ማቴሪያል ዩአይ በነሐሴ 2024 በወጣው 6ኛው ስሪት ቀለሞቹን ወደ ሲኤስኤስ ተለዋዋጭ የሚያወጣ አማራጭ አጠናክሯል፤ ገጽታ ሲቀየር ሁሉንም እንደገና ከማመንጨት ያድናል። አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ይህን አማራጭ አብርታችሁ ጀምሩ።

ታይልዊንድና የሚገለበጥ ኮድ

ታይልዊንድ በራሱ የተዘጋጁ አዝራሮች ያሉት ላይብረሪ አይደለም፤ የትንንሽ ክላሶች፣ ማለትም አንድ አንድ መልክ የሚሰጡ ስሞች፣ ስብስብ ነው። በጥር 2025 በወጣው 4ኛው ስሪት የቀለም ዝርዝሩ ከጃቫስክሪፕት ፋይል ወጥቶ ወደ ሲኤስኤስ ገብቷል፤ እያንዳንዱ ቀለምም በራሱ ተለዋዋጭ ሆኗል። ሻድሲኤን ዩአይ ደግሞ በታይልዊንድ የተሠሩ ክፍሎችን ኮድ ወደ እናንተ ፕሮጀክት ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ ኮዱ የእናንተ ነው፤ ላይብረሪውን በዘዴ ማለፍ የለም፣ ፋይሉን ከፍታችሁ ታርሙታላችሁ።

ቀለም ለመቀየር ከሁሉም የላላው ይህ ነው። ግን ከእናንተ ዲሲፕሊን ይጠይቃል። ታይልዊንድ እያንዳንዱን ቀለም ከ50 እስከ 950 በ11 ደረጃ ያቀርባል፤ ችኩል ሰው በየፋይሉ «ቀይ 600» እያለ ይጽፋል። ደንበኛው ቀዩን ወደ አረንጓዴ ቀይርልኝ ሲል ፋይል ለፋይል መልቀም ነው። ሻድሲኤን ይህን ያስቀረው ቀለምን በመልኩ ሳይሆን በሥራው በመሰየም ነው፤ «ዋና» እና «በዋና ላይ የሚጻፍ»፣ «ዳራ» እና «በዳራ ላይ የሚጻፍ» እያለ ሁልጊዜ በጥንድ ያስቀምጣል። በየትኛውም ላይብረሪ ብትሠሩ ይህን ጥንድ ልማድ ውሰዱ። ጥንዱ አብሮ ስለሚቀየር ዳራ ተቀይሮ ጽሑፍ ሳይቀየር የሚቀርበት አጋጣሚ ይጠፋል።

አምስተኛ መንገድ አለ የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፦ የላይብረሪውን ሲኤስኤስ ሳይነኩ ከታች የራስን ደንብ መደርደር፣ እምቢ ሲል ደግሞ የግድ ማስፈጸሚያ ምልክቱን መጨመር። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አዝራሩን ታስተካክላላችሁ፣ ጣት ሲያርፍበት ሰማያዊው ብቅ ይላል፤ እሱን ታስተካክላላችሁ፣ የቦዘነው አዝራር ይቀራል። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ነገር ለማረም ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ዋናው ቀለም ቀይ ሲሆን

የነደባው ቀይ አዝራሩ ላይ ከገባ በኋላ ያልጠበቅኩት ችግር መጣ። ገጹን መጀመሪያ የሞከረችው የባለቤትዋ ልጅ ነበረች። ቀን ሳትመርጥ «ክፍል ይያዙ» ን ስትነካ የስህተት መልእክት ወጣ፤ እሱም ቀይ። ከጎኑ «ሰርዝ» የሚለው አዝራር፣ እሱም ቀይ። ቆም ብላ «የቱ ነው የሚያዘው፣ የቱ ነው የሚሰርዘው?» አለች።

ሁሉም ላይብረሪዎች ቀይን ለአደጋ አስቀምጠውታል። ዋናው ቀለማቸው ቀይ ስላልሆነ እነሱ ዘንድ ግጭት የለም። የእኛ ደንበኞች ግን ቀይ ይወዳሉ፤ የሐረር ቤት ቀይ ነው፣ የበርበሬው፣ የሸክላው መልክ ቀይ ነው። ስለዚህ ይህን ችግር ቀድማችሁ ጠብቁት። እኔ የሞከርኳቸው መፍትሔዎች ሦስት ናቸው።

አንዱ ሁለቱን ቀዮች ማራራቅ ነው፦ ዋናውን ወደ ሸክላ፣ አደጋውን ወደ ጽጌረዳ መግፋት። ዲዛይነሩ ትልቅ ማያ ገጽ ላይ ልዩነቱን ያያል፤ ስልክ ላይ፣ በተለይ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግረው ሰው፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። ተውኩት። ሌላው ቀዩን ለራስጌና ለርእስ ብቻ አድርጎ አዝራሩን ሌላ ቀለም መስጠት ነው። ይህ ጥሩ ይሠራል፤ እናትየዋ ግን አዝራሩም የቤታቸውን መልክ እንዲይዝ ፈለጉ፤ ትክክልም ነበሩ፣ እንግዳው የሚነካው እሱን ነውና።

በመጨረሻ የጸናው በቀለም ሳይሆን በቅርጽ መለየት ነው። ቀለም የተሞላ አዝራር ለዋናው ተግባር ብቻ ይሁን። «ሰርዝ» በነጭ ዳራ ላይ ጠርዝ ብቻ ያለው ይሁን፤ ሲነካም ማረጋገጫ ይጠይቅ። የስህተት መልእክት በጥቁር ፊደል ይጻፍ፤ ከጎኑ ምልክት፣ ከግራው ወፍራም መስመር ይኑረው፤ ምን እንደተሳሳተም በቃል ይናገር። ዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያም መረጃ በቀለም ብቻ እንዳይተላለፍ ይከለክላል፤ እኔ ግን ያመንኩት መመሪያውን አንብቤ ሳይሆን ያቺ ልጅ ጣቷን ከማያ ገጹ አርቃ ስትቆም አይቼ ነው።

የቀትር ፀሐይና የግዕዝ ፊደል

የብርሃን ልዩነት የሚለካው ከ1 እስከ 21 ነው፤ ጥቁር በነጭ ላይ 21 ያገኛል። መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልቅ ጽሑፍና ለአዝራር ጠርዝ ቢያንስ 3፣ ለከፍተኛው ደረጃ 7 ይጠይቃል። መስመሩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ለማየት ሁለት ግራጫዎችን በቀለም ኮዳቸው ውሰዱ፦ 767676 በነጭ ላይ 4.54 ሲያገኝ 777777 የሚያገኘው 4.48 ነው። አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይወድቃል፤ በዓይን ግን ማንም አይለያቸውም። በዓይን አትለኩ፤ የአሳሹ የአልሚ መሣሪያ ቀለም ስትመርጡ ቁጥሩን ያሳያችኋል።

እኔ ለአማርኛ ጽሑፍ ከ7 በታች አልወርድም። ምክንያቴ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። «ሉ» እና «ሊ»፣ «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በጎናቸው በምትቀጠል ትንሽ መስመር ነው። ላቲን ፊደል ቢደበዝዝ ቃሉ በግምት ይነበባል፤ በግዕዝ ያቺ ቅጥያ ከጠፋች ሌላ ፊደል ነው የሚነበበው። የቡትስትራፕ ነባር ሰማያዊ ከነጭ ጋር ልክ 4.5 ያገኛል፤ የማቴሪያል ዩአይ 4.6። ሁለቱም የተሰሉት ለማለፍ ያህል ነው፤ ትንሽ መጠን ባለው የአማርኛ ጽሑፍ ላይ አይበቁኝም።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ሰው ስልኩን የሚከፍተው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ብቻ አይደለም፤ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ መሐል ቆሞ ዋጋ ያያል፣ ባጃጅ ላይ ሆኖ ያዛል። ክፍል ውስጥ የሚያምር ፈዛዛ ግራጫ እዚያ ባዶ ነጭ ነው። ገጽ ከማስረከቤ በፊት የስልኩን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርጄ በስድስት ሰዓት ከዚራ መንገድ ላይ ወጥቼ አነበዋለሁ። ከጥላ ወጥቼ ዋጋውን ማንበብ ካልቻልኩ ሥራው አላለቀም።

ቢጫ የተለየ ቃል ይገባዋል። ለእንቁጣጣሽ የአደይ አበባ ቢጫ የማይጠይቅ ነጋዴ የለም። የቡትስትራፕ የማስጠንቀቂያ ቢጫ ለአደይ ይቀርባል፤ ነጭ ጽሑፍ ላዩ ላይ 1.63 ብቻ፣ ጥቁር ጽሑፍ ግን 12.9 ገደማ ያገኛል። ስለዚህ ቢጫን እንደ ዳራ ስጧቸው፣ ጽሑፉን ጥቁር አድርጉ፤ ቢጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ግን እንቢ በሉ።

ስለ ጨለማ ገጽታ ባጭሩ፦ የቀኑን ቀለም ገልብጣችሁ አታምጡት። ለነደባው የደረስኩበት ቀይ መልኩ 10፣ ሙላቱ 60 በመቶ፣ ብርሃኑ 32 በመቶ ነው፤ በነጭ ላይ 8.7 ገደማ የሚያገኘው ይህ ቀይ በጥቁር ላይ 2.4 ብቻ ነው። ለጨለማ ፈዘዝ ያለ ወንድሙን መፈለግ ግድ ነው። ተጠቃሚው የመረጠውን ገጽታ የሚያነበው ትንሽ ስክሪፕት ደግሞ ከገጹ ይዘት በፊት ይሁን፤ ካልሆነ ጨለማ የመረጠ ሰው ገጽ በከፈተ ቁጥር ዓይኑ ላይ ነጭ ብልጭታ ይረጫል።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ቀለሙ አንዴ ተወስኖ ለማይቀየር ገጽ፣ ለምሳሌ ለአንድ ጉባኤ ወይም ለአንድ ክሊኒክ መረጃ፣ ቡትስትራፕን በሳስ። ውጤቱ ቀላል ነው፤ ለአሮጌ ስልክ የሚስማማ ነው፤ የሚበላሽ ነገርም የለውም።

ቀፊራ አካባቢ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ ደንበኛዬ ገጹን ለኢድ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት ራሱ መቀየር ይፈልጋል። ለእሱ የሲኤስኤስ ተለዋዋጭ እንጂ ሌላ አይሆንም። ግን የቀለም መምረጫውን ሙሉ አልከፈትኩለትም። አስቀድሜ የለካኋቸውን ስድስት የቀለም ጥንዶች ሰጠሁት፤ ከእነሱ መካከል ይመርጣል። ነፃ ምርጫ ቢኖረው ቢጫ በነጭ ላይ መጻፉ አይቀርም ነበር፤ ደንበኞቹም ዋጋ ማንበብ ሲያቅታቸው ጥፋቱ የእኔ ነው።

በጅቡቲ መንገድ ዕቃ የሚያስገቡ የትራንዚት ድርጅቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ሥርዓት ቢሆን፣ እያንዳንዱ ድርጅት ሲገባ የራሱን ቀለም የሚያይበት፣ ሠንጠረዥና ቅጽ የሞላበት፣ አንት ዲዛይንን እወስዳለሁ። ሥራው የሚሠራው በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የጃቫስክሪፕቱ ክብደት አያስጨንቅም፤ አንድ የዘር ቀለም ከመረጃ ቋት አንብቦ ሙሉ ገጽታ ማውጣቱ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይቆጥባል። የድርጅቶቹ የዘር ቀለም ግን ሲመዘገብ ይለካ፤ ፈዛዛ ቀለም ይዞ የሚመጣ ድርጅት ይኖራል።

ሻድሲኤንን የምመርጠው ዲዛይነር ከጎኔ ሲኖርና ገጹ ከማንም ጋር እንዳይመሳሰል ሲፈለግ ነው። ብቻዬን፣ በአጭር ቀነ ገደብ ስሠራ አልነካውም።

የእንግዳ ማረፊያውን መጨረሻ ላይ የሠራሁት በቡትስትራፕ ላይ በተዘረጋ የራሴ የተለዋዋጭ ንብርብር ነው። ለማሳየት ወደ ጁገል ስወጣ የቀዩ ብርሃን 36 በመቶ ነበር። እናትየዋ ስልካቸውን ነደባው ላይ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ሲያስተያዩ ቆዩ፤ «የእኛው ጠቆር ይላል» አሉ። ኮምፒውተሬን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ 34 አደረግኩት፤ ገጹን አደሱት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። 32 ሳደርገው ስልኩን ለልጃቸው አቀብለው ቡና እንዲፈላ አዘዙ።